ሞደማችን ለማን ነው የሚሠራው? የአዳማው ክርና 27 ምላሾቹ

መክፈቻው

ይህን የኢንተርኔት ውይይት (ክር) የከፈተው ጠያቂ የጻፈው ከአዳማ ነው። ቤት ያለ ራውተር (ሞደም የምንለው ሳጥን) በቦትኔት፣ ማለትም በአንድ ሰው በሚታዘዝ የተጠለፉ ዕቃዎች መረብ፣ ይያዛል፣ ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ ሳያውቅ ሌላ ሰው ያዝዘዋል የሚባለው ነገር እኛን ምን ያህል ያሰጋል ነው ጥያቄው። እዚህ ከተማ አብዛኛው ቤት ሞደሙን ባለሙያ መጥቶ ከገጠመው ወዲህ የነካው የለም። የዋይፋይ ኮዱ ይቀየር ይሆናል፤ ቅንብሩ የሚለወጥበት የአድሚን ገጽ ፓስወርድ ግን ከሳጥኑ ሥር በተለጠፈችው ወረቀት ላይ እንዳለ ነው። ኢንተርኔቱ እስከሠራ ድረስ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? ሲጨርስ ደግሞ አንድ ነገር ጣል አድርጓል፦ ቫይረስ ቢገባ እንኳ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ስለሚጠፋ እኛ ከሌላው ዓለም ሳንሻል አንቀርም። ክሩን ያረዘመችው ይህች ቀልድ የምትመስል ነገር ናት። ግማሽ እውነት ስላለባት በቀላሉ የምትጣል አይደለችም።

ምላሽ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ ያንን ግማሽ እውነት በትህትና ያጸድቅለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለምን ያነጋገረው ሚራይ በራውተሩ ሜሞሪ ላይ ብቻ የሚኖር ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ነው፤ የሚጻፍበት ቋሚ ቦታ የለውም። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሚራይ የለም። አገባቡም ምንም ምሥጢር አልነበረውም፤ በፖርት (በኔትወርክ በር) 23 እና 2323 ቴልኔት የተባለው ከሩቅ መግቢያ የተከፈተላቸውን ዕቃዎች እየፈለገ፣ ፋብሪካ የሚሰጣቸውን 60 ያህል የዩዘርኔምና የፓስወርድ ጥንዶች እየሞከረ ነው የገባው። ኮዱ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ በይፋ ስለተለቀቀ ዛሬ ያሉት ብዙዎቹ ቦትኔቶች የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው እዚሁ ላይ ያርመዋል። መብራት ሲጠፋ ማልዌሩ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ግን ያው ፓስወርድ፣ ያው ክፍት ቴልኔት ነው የሚነሳው። ፍለጋው ቀንም ሌሊትም ስለማይቋረጥ በሩ ክፍት የሆነ ራውተር በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይያዛል። ደግሞም ሁሉም እንደ ሚራይ አይደለም። ሜይ 2018 ላይ የሲስኮ የጸጥታ ምርምር ቡድን ታሎስ ይፋ ያደረገው ቪፒኤንፊልተር የተባለ ማልዌር ቢያንስ በ54 አገሮች ከ500,000 በላይ ዕቃዎችን የያዘ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍሉ ራውተሩ ቢጠፋም አይጠፋም። ኤፍቢአይ ያኔ ሰዉ ራውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ የጠየቀው ማልዌሩን ከሥሩ ለመንቀል አልነበረም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ሲጠፋ የተረፈው የመጀመሪያው ክፍል እነሱን መልሶ ለማውረድ ወደ አዛዡ አድራሻ ይጣራል፤ ያ አድራሻ ደግሞ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተይዞ ስለነበር የሚጣሩትን ቆጥሮ ማወቅ ተችሏል።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው አልተዋጠለትም። ይህ ሁሉ ጸረ ቫይረስ ለመሸጥ የሚነዛ ማስፈራሪያ ነው ባይ ነው። ራውተር ውስጥ ፎቶ የለ፣ የባንክ ሒሳብ የለ፤ ሌባ ገብቶ ምን ይዞ ይወጣል?

እስከዚህ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ከዚህ በኋላ አንተ ሆኑ። አራተኛው የሚፈለገው ፎቶህ አይደለም፣ አድራሻህ ነው ሲል ይጀምራል። የቤት አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ንጹሕ ስለሚመስል ይከራያል፤ ተከራዩ በአንተ መስመር ወጥቶ የማጭበርበሪያ አካውንት ይከፍታል፣ የተሰረቀ ካርድ ይሞክራል። ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2024 ያወጣውን ዘገባ ያስታውሳል፤ አብዛኞቹ የቲፒሊንክ ሥሪት የሆኑ የቤትና የትንንሽ ቢሮ ራውተሮችን የያዘ መረብ የሰው አካውንት ላይ ፓስወርድ ይሞክር ነበር። በየጊዜው የሚሠሩት 8,000 ያህል ዕቃዎች ሲሆኑ፣ በአብዛኛው አንድ አካውንት በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚሞከረው። ከተለያየ ቤት በቀን አንዴ የሚመጣን ሙከራ የትኛው ዘበኛ ይጠረጥረዋል? ከዚያ ወደ ዲዶስ፣ ማለትም ገጽን በትራፊክ አጥለቅልቆ ወደማቋረጥ፣ ያልፋል። በሴፕቴምበር 2016 የጸጥታ ጋዜጠኛው የብራያን ክሬብስ ድረ ገጽ በሰከንድ 620 ጊጋቢት ያህል ተለቆበታል፤ በኦክቶበር 21 ደግሞ ዳይን የተባለው የዲኤንኤስ (የገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉም አገልግሎት) ድርጅት ሲመታ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። ያን ሁሉ ያደረጉት እያንዳንዳቸው ኢምንት የሆኑ ካሜራዎችና ራውተሮች ናቸው። መስመሩ በስምህ ስለተመዘገበ የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ አንተ እንደሚመጣም አልደበቀውም።

አነጋገሩ ሻካራ ነው። ነገሩ ግን ልክ ነው፤ ሦስተኛው ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልተመለሰም።

ምላሽ 5፣ 6 እና 7

አምስተኛው አራተኛውን ለማገዝ የጀርመኑን ዶይቸ ቴሌኮም ያነሳል፤ በኖቬምበር 2016 900,000 ያህል ደንበኞች ራውተራቸው በሚራይ ተይዞ ኢንተርኔት አጡ ይላል። ስድስተኛው ታሪኩን ትታችሁ የእኔ ቤት ራውተር መያዙን በምን ልወቅ፣ እሱን ንገሩኝ ይላል። ሰባተኛው አምስተኛውን ያርማል፦ የጀርመኖቹ ራውተሮች አልተያዙም። ጥቃቱ በፖርት 7547፣ አቅራቢው ራውተሩን ከሩቅ በሚያስተዳድርበት በር በኩል መጣ፤ እነዚያ ራውተሮች ማልዌሩን የሚያስገባው ክፍተት ባይኖርባቸውም ሙከራው ሲደጋገምባቸው ተንጠልጥለው ቀሩ። አጥቂው ሳይሳካለት እንኳ ያን ያህል ሰው ከመስመር ወጣ። በእኔ ግምት ይህ እርማት ከስሕተቱ የበለጠ ያስፈራል።

ምላሽ 8

ክሩን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይህችን ብቻ ያንብብ። ለስድስተኛው የተሰጠች መልስ ናት፤ ጸሐፊው የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ለመሆኑ ቅደም ተከተሉ ይመሰክራል።

መጀመሪያ የሚለየው ራውተሩ ከውጭ ይታያል ወይስ አይታይም የሚለውን ነው። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም ከሳጥኑ ሥር የተጻፈውን አድራሻ ከፍቶ፣ የሁኔታ ገጹ ላይ ዋን (የውጭው መስመር) የሚለው ሥር ያለውን አይፒ መጻፍ። ከዚያ የእኔ አይፒ ስንት ነው ከሚሉት ድረ ገጾች በአንዱ የሚታየውን ከሱ ጋር ማስተያየት። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ራውተሩ በቀጥታ ወደ ዓለም ፊቱን ሰጥቷል። የዋኑ አይፒ በ100.64.0.0 እና በ100.127.255.255 መካከል ከሆነ ወይም በ10 ከጀመረ አቅራቢው አንዱን አይፒ ለብዙ ቤት እያካፈለ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ፍለጋ በቀጥታ አይደርስም።

ሁለተኛው ሙከራ የአድሚን ገጹ ከውጭ ይከፈት እንደሆነ ማየት ነው። የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ፣ በሞባይል ዳታ ያንኑ የውጭ አይፒ ብሮውዘር ላይ መጻፍ። የራውተሩ መግቢያ ገጽ ከመጣ ሪሞት ማኔጅመንት (ከውጭ ማስተዳደሪያው) ክፍት ነው። ከዋይፋዩ ሳይወጡ መሞከር ያሳስታል፤ ራውተሩ ከውስጥ ለመጣ ሰው የራሱን ገጽ ስለሚያሳይ የተዘጋው ክፍት ይመስላል። በዚያው መንገድ ፖርት 23፣ 2323፣ 7547 እና 8291ን በፖርት መፈተሻ ገጽ ማየት፤ የራስን አይፒ ብቻ።

ሦስተኛው ዲኤንኤስ ነው። በዲኤችሲፒ (ለቤቱ ዕቃዎች አድራሻ በሚያድለው) ቅንብር ላይም በዋን ቅንብር ላይም የተጻፉትን አድራሻዎች ማየት። አቅራቢው የሰጠው ወይም ራስ ያስገቡት፣ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ዓይነት ከሆነ ደህና ነው። ማንም የማያውቀው አይፒ ከተቀመጠ አንድ ሰው የት እንደምትሄዱ እየመራችሁ ነው። ዲኤንኤስቼንጀር የተባለው ማልዌር ይሠራ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ቡድኑ በኖቬምበር 2011 ቢያዝም፣ በምትኩ የተተከሉት ሰርቨሮች በጁላይ 9 ቀን 2012 ሲዘጉ አሁንም በዚያው አድራሻ ላይ የቀሩ ሰዎች ነበሩ።

አራተኛው ልኬት ነው። ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ ገመዶችን ሁሉ ነቅሎ፣ አንድ ላፕቶፕ ብቻ በኬብል አስቀርቶ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ ዘግቶ፣ የዋን ስታቲስቲክስ ላይ የተላከው ባይት ስንት እንደሆነ መጻፍ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሶ ማየት። ሰው በሌለበት ቤት ጥቂት ትራፊክ መውጣቱ ያለ ነገር ነው። በአሥር የሚቆጠር ሜጋባይት ከወጣ ግን ላኪው ራውተሩ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻም፦ ሚራይና ልጆቹ ከገቡ በኋላ ተፎካካሪ እንዳይገባባቸው ቴልኔትና ኤስኤስኤች የተባሉትን ከሩቅ መግቢያዎች ከኋላቸው ይዘጋሉ። ስለዚህ ያለ ሰበብ የተዘጋ፣ ራውተሩ ሲነሳ ግን ለጥቂት ጊዜ የሚከፈት በር መልካም ምልክት አይደለም።

ምላሽ 9 እና 10

ዘጠነኛው ለክቶ የዋን አይፒው በ100.70 እንደሚጀምር አይቶ እፎይ ብሏል፤ እኛ ከአቅራቢው የጋራ አይፒ ጀርባ ስለሆንን አያገኙንም። አሥረኛው ደስታውን አላስጨረሰውም። ከውጭ በቀጥታ አይደርሱም፤ ከውስጥ ግን ማን ይከለክላቸዋል? ርካሽ አንድሮይድ ቦክስ ገዝተህ ቴሌቪዥን ላይ ከሰካህ ዕቃው ከዋይፋይህ ውስጥ ሆኖ 192.168.1.1ን ፓስወርድ ሊሞክርበት ይችላል። ባድቦክስ 2.0 የተባለውን ያነሳል፤ ኤፍቢአይ በጁን 2025 አስጠንቅቆበታል፣ ጉግል በሚቀጥለው ወር ባቀረበው ክስ ከ10 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች እንደተያዙ ገልጿል፣ አንዳንዶቹም ከካርቶናቸው ሲወጡ ጀምሮ የተበከሉ ናቸው። ብሮውዘርም መንገድ ነው። በ2018 በአብዛኛው ብራዚል ውስጥ ከ100,000 በላይ ራውተሮች ዲኤንኤሳቸው የተቀየረው ጎስትዲኤንኤስ በተባለ ዘመቻ ሲሆን፣ ከመንገዶቹ አንዱ ሰዎቹ የጎበኙት ገጽ ውስጥ የነበረ ስክሪፕት የራውተሩን የፋብሪካ ፓስወርድ ከውስጥ እየሞከረ መግባቱ ነው። በጋራ አይፒ ያለ ሰው «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» የሚል ሥዕል ቢበዛበት ግን በቫይረስ አያሳብብ፤ አይፒውን ከማያውቃቸው ብዙ ቤቶች ጋር ነው የሚጋራው።

ምላሽ 11፣ 12 እና 13

አሥራ አንደኛው መፍትሔው ቀላል ነው ይላል፦ ከጀርባ ባለችው ቀዳዳ እስክሪብቶ ጫፍ አስገብቶ፣ መብራቶቹ ሁሉ አንዴ እስኪጠፉ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጭኖ፣ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ፤ ከዚያ ፓስወርድ መቀየር።

አሥራ ሁለተኛው ተቆጥቷል፤ በክሩ ውስጥ በጣም የሻከረው ቃል የእሱ ነው። በፒፒፒኦኢ (አቅራቢው በሰጠው ዩዘርኔምና ፓስወርድ) የሚገባ መስመር ያለው ሰው ይህን ምክር ሰምቶ ቅዳሜ ከሰዓት ሪሴት ቢያደርግ፣ የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ አብሮ ይጠፋል። ፋይበር ከሆነ የቪላን ቁጥሩም (የመስመሩ መለያ) ይሄዳል። ሰኞ ወረፋ ይዞ እስኪያስገባ ድረስ ቤቱ ኢንተርኔት የለውም። ሳታውቁ አትምከሩ፣ ነው ቃሉ በደምሳሳው። ደግሞም የፋብሪካው ቅንብር ሲመለስ የፋብሪካው ፓስወርድም ይመለሳል፤ ኬብሉ እንደተሰካ ሪሴት ማድረግ ማለት በሩን ገርበብ አድርጎ እንግዳ መጠበቅ ነው።

አሥራ ሦስተኛዋ የሁለቱንም ይዛ በትዕግሥት አስተካከለችው፤ ለጠቡ ግን ቃል አልተነፈሰችም። እሷ ያስቀመጠችው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ሪሴት ከመደረጉ በፊት የፒፒፒኦኢ ዩዘርኔም፣ ፓስወርድና የቪላን ቁጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ገጹ ፓስወርዱን በነጠብጣብ ከሸፈነው ከአቅራቢው ይጠየቅ። የቅንብር ገጾቹ በስልክ ፎቶ ይነሱ። ባክአፕ ፋይል አውርዶ መልሶ መጫን አይመከርም፤ አጥቂው የቀየረው ዲኤንኤስ አብሮ ይመለሳልና። ከዚያ የፋይበሩ ወይም የስልክ መስመሩ ኬብል ይነቀል። ሪሴት ይደረግ። ላፕቶፕ በኬብል ተያይዞ መጀመሪያ የአድሚን ፓስወርዱ፣ ቀጥሎ የዋይፋይ ኮዱ ይቀየር። ብዙ የሁዋዌና የዜድቲኢ ሞደሞች ከተራው አካውንት ሌላ ለቴክኒሻን የተቀመጠ ሁለተኛ አካውንት አላቸው፤ የሱ ፓስወርድ ኢንተርኔት ላይ ያደባባይ ሐቅ ስለሆነ እሱንም መቀየር፣ ካልቻሉ አቅራቢውን መጠየቅ። ሪሞት ማኔጅመንት፣ ቴልኔትና ዩፒኤንፒ (ዕቃዎች ሳይጠይቁ ፖርት እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደው) ይዘጉ። ዩፒኤንፒ ሲዘጋ ጌም የሚጫወት ልጅ ወይም ካሜራውን ከውጭ የሚያይ ሰው ሊያማርር ይችላል፤ ለሱ አንዲት ፖርት ለይቶ መክፈት ይሻላል። መስመሩ የሚሰካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ፈርምዌሩን (ራውተሩን የሚያሠራውን የውስጥ ፕሮግራም) የሚያድስ ሰው መብራት በመካከል እንዳይሄድበት ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ ያድርግ፣ ብላ ጨምራለች። እድሳቱ ሲጻፍ መብራት ከጠፋ ሳጥኑ ከዚያ በኋላ ላይነሳ ይችላል። አዳማ ላይ ይህ የወረቀት ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ከ14 እስከ 17

እዚህ ጋ ክሩ ከመንገድ ወጣ፤ በጥሩ ሁኔታ። አሥራ አራተኛው ራውተሩ በቀን ብዙ ጊዜ ራሱን እያጠፋ እንደሚያበራና ይህ ቦትኔት መሆኑን እርግጠኛ እንደሆነ ይናገራል። አሥራ አምስተኛው፣ የጥገና ሰው ይመስላል፣ መጀመሪያ አዳፕተሩን እይ ይለዋል። ዋናው ሲቃጠል ከገበያ የሚገዛው ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ይልና አምፒሩ 0.5 ነው፤ ሞደሙ የሚጠይቀው 1 ወይም 1.5 ሊሆን ይችላል። ዋይፋዩ ሲጨናነቅ አምፒሩ አይበቃም፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሳጥኑ ይጠፋል። ሞደሙ በርቶ ሰው እየተጠቀመ ሳለ በመልቲሜትር ሲለካ 12 ቮልት የተባለው ከ11 በታች ከወረደ አዳፕተሩ ነው የታመመው። አሥራ ስድስተኛው ሙቀቱን ይጨምራል፦ የአዳማ ፀሐይ ባለበት ሞደሙን ሪሲቨር ላይ ደርቦ፣ ከላዩ ጥልፍ ጨርቅ አልብሶ የሚያስቀምጥ ቤት ቫይረስ መፈለግ የለበትም። የአየር ቀዳዳዎቹን የሚደፍነው አቧራም በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ።

አሥራ ሰባተኛው ከክሩ ውጪ ወጣችሁ ብሎ ገሠጻቸው። እኔ አልስማማም። ራሱን የሚያጠፋ ራውተር ይዞ የመጣ ሰው ከአዳፕተር ቢጀምር ብዙ ድካም ይተርፈዋል።

ከ18 እስከ 22

ቁም ነገሩ የተመለሰው በአሥራ ስምንተኛው ነው፤ ለአዳማም ከሁሉ የሚቀርበው ይሄ ይመስለኛል። ከተማው የስብሰባ ከተማ ነው፤ ሆቴሉ፣ ካፌውና ዋይፋይ በካርድ የሚሸጠው ሁሉ ሚክሮቲክ የተባለውን ራውተር ተክሏል። ከሆቴል ሞደም ጀርባ ያለ ሚክሮቲክ ብዙ ጊዜ የራሱ የውጭ አይፒ አለው፣ ጉልበቱም ከቤት ሳጥን ይበልጣል። የዊንቦክስ (የሚክሮቲክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ክፍተት የተባለው፣ ቁጥሩ ሲቪኢ-2018-14847፣ በፖርት 8291 በኩል የተጠቃሚዎቹን ስምና ፓስወርድ ማንም ሳይጠየቅ እንዲያነብ ይፈቅድ ነበር። ድርጅቱ በኤፕሪል 2018 አርሞታል። በዚያው ዓመት ግን ያላደሱት ተለቅመው የሰው ብሮውዘር ላይ የክሪፕቶ ገንዘብ የሚቆፍር ስክሪፕት እንዲጭኑ ተደርገዋል። በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ ሜሪስ የተባለው ቦትኔት የሩሲያውን ያንዴክስ በሰከንድ 21.8 ሚሊዮን ጥያቄ ሲመታው፣ ሚክሮቲክ ራሱ እንዳስታወቀው ጥቃቱን ያደረሱት በ2018 የተነካኩት እነዚያው ራውተሮች ናቸው፤ ሰዎቹ ፈርምዌሩን ቢያድሱም ፓስወርዱን አልቀየሩም።

አሥራ ዘጠነኛው የት የት እንደሚታይ ይዘረዝራል። ሲስተም ሥር ስኬጁለር (በሰዓቱ ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) እና ስክሪፕትስ፦ ማንም ያልጻፈው፣ ከማይታወቅ ዶሜን ፋይል የሚያወርድ መስመር ካለ ተይዟል። አይፒ ሥር ሶክስ (የሌላ ሰው ትራፊክ በመስመሩ የሚያሳልፈው)፦ በርቶ ከተገኘ፣ በተለይ በፖርት 5678፣ መስመሩ ተከራይቷል። ዩዘርስ ውስጥ ያልታወቀ ስም። አይፒ ሥር ሰርቪስስ፦ ቴልኔት፣ ኤፍቲፒ፣ ኤፒአይና ዌቡ ይጥፉ፤ ዊንቦክስ የሚከፈትለት አድራሻ የውስጡ ብቻ ይሁን። ዲኤንኤስ ላይ የውጭ ጥያቄ መቀበያው ክፍት ከሆነ ፖርት 53 ከዋን በኩል በፋየርዎል ይታገድ፤ አለዚያ ማልዌር ሳይገባ እንኳ ራውተሩ ለሌላ ሰው ጥቃት ማጉያ ይሆናል።

ሃያኛው አንድ ነገር ብቻ ነው የጨመረው፤ በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ካልሆነ የሚያስታውሰው አይደለም። ሰዉ የመከልከያ ደንቡን ኢተር1 (ኬብሉ የተሰካበት ቀዳዳ) ላይ ጽፎ ተዘጋ ብሎ ይሄዳል። መስመሩ በፒፒፒኦኢ ከሆነ ግን ከውጭ የሚመጣው ትራፊክ የሚገባው ፒፒፒኦኢ-አውት1 በሚለው ኢንተርፌስ ነው። ደንቡ ተጽፏል፣ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆሟል፣ በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው። ሁለቱንም ዋን በሚል የኢንተርፌስ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ደንቡን በዝርዝሩ ላይ መጻፍ፤ ከዚያ ቆጣሪው መንቀሳቀሱን ማየት።

ሃያ አንደኛው ማደስ ብቻውን አይበቃም ወይ ሲል፣ ሃያ ሁለተኛው አይበቃም ይለዋል። እድሳት ክፍተቱን ይደፍናል እንጂ የገባውን ስኬጁለር አያወጣም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። አንዴ ከተያዘ በኔትኢንስቶል ከባዶ ጭኖ፣ ቅንብሩን በእጅ መልሶ ማስገባት። የካርድ ተጠቃሚዎችን ዝርዝር ለብቻው ኤክስፖርት አድርጎ፣ መስመር በመስመር አንብቦ መመለስ ይቻላል።

ከ23 እስከ 25

ሃያ ሦስተኛው በጎ አስቦ መጥፎ ነገር አቀረበ፦ የከተማውን አይፒዎች ልፈትሽና በፋብሪካ ፓስወርድ የሚከፈቱትን ገብቼ ልዝጋላቸው። ሃያ አራተኛው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ጠቅሶ፣ የሰው ራውተር ላይ ፓስወርድ ሞክሮ መግባት ያልተፈቀደ ደራሽነት ነው፣ አሳቡ ቢያምርም ወንጀል ነው ይላል። ሃያ አምስተኛው የሰውን ዕቃ ያለ ፈቃድ የመንካት ውጤቱን በምሳሌ አሳየው። በ2017 ብሪከርቦት የሚባለው ደካማ ዕቃዎችን ቦትኔት ሳይይዛቸው ልግደላቸው ብሎ ቋሚ ሜሞሪያቸውን ይደመስስ ነበር። በኦክቶበር 2023 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የአንድ አቅራቢ ከ600,000 በላይ ራውተሮች በሦስት ቀን ውስጥ እስከወዲያኛው ሞተው በአዲስ መተካት ነበረባቸው። ከሩቅ የገባ ሰው የቤቱ ስልክ ወይም የክፍያ ማሽን በዚያ መስመር ላይ ይሁን አይሁን አያውቅም። ሃያ ሦስተኛው ሐሳቡን አንሥቷል።

ምላሽ 26

ሳይቋጭ የቀረው ክርክር ይህ ነው። ፖርት 7547 ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? ሃያ ስድስተኛው አይዘጋ ባይ ነው፤ አቅራቢው የሰጠው ሞደም ፈርምዌሩ የሚታደሰው ቲአር-069 በተባለው የአቅራቢው ከሩቅ ማስተዳደሪያ በኩል ስለሆነ፣ የዘጋው ሰው እድሳቱን ሊያዘገይበት ይችላል። መዝጋት ያለበት አቅራቢው ነው፤ ከራሱ የማስተዳደሪያ ሰርቨር በስተቀር ማንም እንዳይደርስበት በኔትወርኩ ላይ ማገድ ይችላል። ሐሳቡ ትክክል ነው። አቅራቢው እስኪያደርገው ድረስ ባለቤቱ ምን ያድርግ ለሚለው ግን መልስ አልሰጠም። እኔ በበኩሌ ከሞባይል ዳታ ሲፈተሽ ክፍት ሆኖ የተገኘን 7547 ይዤ ለአቅራቢው አመለክታለሁ እንጂ በራሴ አልዘጋውም።

ምላሽ 27

የመጨረሻው የተጻፈው ከገበያ ያገለገለ ራውተር መግዛት ያዋጣል ወይ ብሎ በመሐል ለጠየቀ ሰው ነው። ኤፍቢአይ በሜይ 2025 እድሳት የተቋረጠባቸው ራውተሮች እየተያዙ ለፕሮክሲ (የሌላ ሰው ትራፊክ ማሳለፊያ) ኪራይ እየዋሉ ነው ሲል ዝርዝር አውጥቷል፤ ሊንክሲስ ኢ1200፣ ኢ2500 እና ደብልዩአርቲ320ኤን አሉበት። እነዚህን ፓስወርድ መቀየር አያድናቸውም፤ ቀዳዳው ራሱ ፈርምዌሩ ውስጥ ነው። በፋብሪካው ፈርምዌር ፋንታ ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለውን ነጻ ፈርምዌር መጫን ለአንዳንዱ ያስኬዳል፤ 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ሜሞሪ ላላቸው እንደ አሮጌዎቹ የቲፒሊንክ ደብልዩአር841ኤን ላሉት ግን የመጨረሻው 19.07 ስለነበር እሱም ጊዜው አልፎበታል።

እንዲህ ያለውን ራውተር ላለመጣል የሚፈልግ ሰው ፊቱን ከኢንተርኔት አዙሮ ለዋይፋይ ማስፊያ ብቻ ይጠቀምበት። ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ በላፕቶፕ ተገብቶ የውስጥ አድራሻው ከ192.168.1.1 ወደ 192.168.1.2 ይቀየር። በአዲሱ አድራሻ ተመልሶ ተገብቶ የአድሚን ፓስወርዱና የዋይፋይ ኮዱ ይስተካከል፤ ዲኤችሲፒው በመጨረሻ ይጥፋ፤ እሱ ቀድሞ ከጠፋ ላፕቶፑ አድራሻ አጥቶ ገጹ አይከፈትም። ከዚያ ከዋናው ሞደም የሚመጣው ኬብል ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰካ፤ ዋን የሚለው ባዶውን ይቅር። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ከተሰካ ሁለቱ ሳጥኖች እየተሻሙ አድራሻ ያድላሉ፤ ግማሹ ስልክ ይሠራል፣ ግማሹ ዋይፋይ አለ ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም።